«ጨምር» ሲሉኝ ኖርኩ

በጡረታ ስንብቴ ቀን ምን ተብዬ እንደተመሰገንኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀልድ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማይኩን ሊውጠው ምንም ሳይቀረው ረጅም ንግግር አደረገ። እኔ የክብር እንግዳ ተብዬ፣ የሸለሙኝን ጋቢ ለብሼ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። የሚደርሰኝ ግን «ዎዎዎ… አስራት… ዎዎ… በትጋት… ዎዎዎ» ብቻ ነው። ሰዉ ያጨበጭባል፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ከኋላ አንዱ «አይሰማም!» ብሎ ሲጮህ ኃላፊው እጁን ወደ ላይ እያወናጨፈ «ጨምርለት! ጨምርለት እንጂ!» አለ። ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልኬን ስሰማው ከኖርኩት ቃል በስንብቴም አልማሩኝም።

ተነስቼ ልቀንሰው ስል ሚስቴ ጋቢዬን ያዘች። «ዛሬ እንኳ ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ይኸው አሁን እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ድምፅ ነው። ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ተወለድኩ፤ አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ ኦሮምኛ እያልኩ አደግኩ። ከዚያ የመንግሥት ማስታወቂያ ክፍል ገብቼ፣ መኪና ላይ ጥሩንባ ሰቅዬ ከነገሌ ያቤሎ፣ ከያቤሎ ቡሌ ሆራ፣ ከዚያ ቦሬ፣ እንደገና ነገሌ ስዞር ኖርኩ። ክትባት ነው፣ ስብሰባ ነው፣ የጠፋ ከብት ነው፤ ያልለፈፍኩት የለም። ደመወዙን ተዉት፣ አይወራም። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ቁጡ፣ አንዱ ጸሎተኛ፣ አንዱ ሲጃራ ከአፉ የማይለይ፤ በአንድ ነገር ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ድምፅ ሲበላሽ መድኃኒቱ መጨመር ይመስላቸዋል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። የጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ባለሙያ ነበሩ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ሌላው ወደየአገሩ ሄደ፤ እሳቸው «የት ልሂድ? ካረጀሁበት ሌላ አገር የለኝም» ብለው ነገሌ ቀሩ። ሐጂ አደን የሚባሉ ነጋዴ የሱቃቸውን በረንዳ ለቀቁላቸው፤ እዚያ ጠረጴዛ ዘርግተው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመሩ። እኔ ከሥራ ስወጣ እሳቸው ዘንድ ነኝ።

እንደ ጋሽ ታፈሰ ያለ ነዝናዛ ሰው አላየሁም። አዳራሽ ድምፅ ተበላሸ ብለው ሲጠሯቸው ማሽን አይነኩም። መጀመሪያ መሃል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ያጨበጭባሉ። ጯ! ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያቺ ጭብጨባ የት ሄዳ እንደምትሞት ያዳምጣሉ። ቶሎ ካልሞተች «ይሄ ቤት ወሬኛ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ይደግማል» ይላሉ። ከዚያ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጡና «በል ተናገር» ይሉኛል።

መጀመሪያ ቀን እንደማንኛውም ሰው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ። ብድግ ብለው «አንተ ደንቆሮ!» አሉኝ። «ከሁለት ቀጥሎ ሦስት እንደሚመጣ ማን አያውቅም? ይሄንን ጆሮ አልሰማውም፣ ራሱ ሞላው! የማላውቀውን ንገረኝ፤ እሱን ከደገምኩልህ ያኔ ተሰማ በል።»

ከዚያ በኋላ መሞከሪያችን የሰው ስም ሆነ። እሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው የተበተኑ ጓዶቻቸውን ስም፣ ከነአባታቸው፣ እንደመጣላቸው ይጠራሉ፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እደግማለሁ። አንዱን ከሳትኩ ስፒከር ያዞራሉ፣ ድምፅ ይቀንሳሉ፣ እንደገና ይጠራሉ። መጨመርን አያውቁም። «ቀንስና ስማ» ነው የሳቸው ነገር። አንዳንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆረጥ ነበር፤ ሞኙ እኔ ገመዱ የላላ እየመሰለኝ ሄጄ አጠብቅ ነበር።

ሌላውን ትምህርቴን ያገኘሁት ቦሬ ነው። እዚያ ተመድቤ ሳለሁ አንዲት የሣር ክዳን ጸሎት ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ ገለባ የተጎዘጎዘበት። ብርዱ አይጣል ነው፤ ሕዝቡ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይመጣል። ሰባኪው ያለ ማይክ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ በር ላይ የቆመው ሳይቀር ይሰማዋል። መሃሏ ቆሜ ባጨበጭብ ዋጥ አደረገችው። ወፍራምና ለስላሳ ነገር ድምፅ ይጠጣል፣ ደረቅ ነገር ድምፅ ይተፋል፤ ከዚህ ያለፈ ፍልስፍና የለውም። ነገሌ ስመለስ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደረቅ ነገር በደረቅ ነገር ላይ ሲከምሩ ደረስኩ።

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን ይባላል። በአካል ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ፣ ትልቅ ሰው ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም፣ ተናድጃለሁ። አዳራሹን ብሎኬት ገጠገጠው፣ ወለሉን ሴራሚክ አለበሰው፣ ከላይ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ደፋበት፣ በጎንና በጎን ሰፋፊ መስታወት። ማማሩንስ አምሮ ነበር፣ አልክድም። ገብቼ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ጭብጨባዬ ቆርቆሮውን መታ፣ ግድግዳውን መታ፣ ሴራሚኩን መታ፣ ተመልሳ መጥታ ጆሮዬን መታችኝ።

«አቶ ጌታሁን፣ ይሄ ቤት የገደል ማሚቶ ነው። ከመመረቁ በፊት የኋላውን ግድግዳ በወፍራም ጨርቅ እንሸፍነው» አልኩት።

«ጨርቅ? ሴራሚክ ባስገባሁበት ቤት ጨርቅ ልስቀል? አስራት፣ የእግዚአብሔርን ቤት ልብስ መሸጫ ልታደርገው ነው?»

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! የቀረችውን ገንዘብ ሰብስቦ ሁለት ትልልቅ የሞንታርቦ ስፒከር ገዛና መድረኩ ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ የኋላውን ግድግዳ አፍጥጠው እንዲያዩ አድርጎ አቆማቸው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃል ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሷ ነው። አማርኛ «ሰማ» ሲል ሁለት ነገር ነው። ጆሮ ሰማ፤ ልብም ሰማ። በኛ አገር «አማርኛ ይሰማል?» ሲባል ያውቃል ወይ ማለት ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት እናቶች፣ ኦሮምኛ አፍ የፈቱበት፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለቀሙት፣ «አይሰማም» ሲሉ ድምፁ አነሰ ማለታቸው አልነበረም። ድምፁማ ጆሯቸውን እየበሳው ነው። ቃሉ አልለይ አለን ማለታቸው ነው። አቶ ጌታሁን ግን «አይሰማም» ባሉ ቁጥር ከፊት ወንበር ዞሮ፣ ማሽኑ ጋ ለምቀመጠው ለኔ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ጨምር! በጨመርኩ ቁጥር ቤቱ ይበልጥ ይደግማል፣ ቃል በቃል ላይ ይወጣል፣ እነሱም ይበልጥ «አይሰማም» ይላሉ። እሱ ደግሞ «እኔ ይሰማኛል እኮ!» ይላል። እንዴት አይሰማው! አማርኛ የናቱ ቋንቋ ነው፤ ግማሹን ከሰማ ጆሮው ሌላውን ይሞላለታል። ስብከቱስ ይተረጎማል፤ ማስታወቂያ ግን «ጊዜ ይፈጃል» ተብሎ በአማርኛ ብቻ ነበር።

ከነዚያ እናቶች አንዷ አኮ ዳኪ ናቸው። አኮ እንግዲህ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ወተት ሸጠው የሚያድሩ፣ ልጅም ዘመድም ከተማው ውስጥ የሌላቸው፣ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ወንበር ጥግ የማይታጡ። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን ይቧጥጣቸው ነበር። እንባቸው አይደርቅም። «አካም፣ አኮ? ናጋ?» ብዬ ደህንነታቸውን ስጠይቅ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ ሊመጡ ነው ተባለ። የዓይኑን ቆብ ቆረጥ አድርገው ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ ይመልሱታል፤ ቀላል ሥራ ነው፣ ግን በጊዜው ሲሆን ነው። አኮ ዳኪ ተመዘገቡ። አንድ እሑድ አቶ ጌታሁን ማይክ ይዞ «ሐኪሞቹ ስላልደረሱ ወደ ጤና ጣቢያ እንዳትመጡ» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ «ሐኪሞቹ ስለደረሱ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትመጡ» አለ።

ልብ በሉ። ስላልደረሱ፣ ስለደረሱ። እንዳትመጡ፣ እንድትመጡ። አንዲት «ዳ» እና አንዲት «ድ»! ያን ቀን ከኋላ «አይሰማም» ሲባል አቶ ጌታሁን ራሱ እየተናገረ እጁን ወደ ላይ አነሳብኝ። ጨመርኩ። «ጣቢያ» ያለው «ያ» ቆርቆሮው ላይ አልሞት ብሎ ተንከባሎ መጣና «እንድ» ላይ ወደቀ። መጨረሻው ወንበር ላይ ያ «ድ» «ዳ» ሆኖ ደረሰ።

ይህን ያወቅኩት ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ነው። የአኮ ዳኪ ጎረቤት የሆነች፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነች የወታደር ሚስት መንገድ ላይ አስቁማ ጮኸችብኝ።

«እናንተ ሰዎች ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ? ያችን ምስኪን አሮጊት ለምን አትምጪ አላችኋት?»

«ማን አላት?»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንዳትመጡ ተባልን ብላ ማክሰኞን ሙሉ በሯ ላይ ተቀምጣ ዋለች እኮ!»

ቀጥታ አቶ ጌታሁን ጋ ሄድኩ፤ ሽማግሌዎቹም አብረውት ነበሩ። እሳት ጎርሼ ነው የገባሁት። አዳራሹን፣ ሞንታርቦውን፣ እጁን፣ ያላልኩት የለም። አቶ ጌታሁን ሰማኝና «እንግዲህ አማርኛ ስለማይሰሙ ነው» አለ። እንዲያ ሲለኝ ድንጋይ ብፈልግ አጣሁ። ከዚያ «እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ» ብል ሽማግሌዎቹ ተነሱብኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ይያዛል፣ እኛ ሄደን እውነቱን እንነግራቸዋለን፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ አንተ በንዴት ሄደህ ታባብሰዋለህ አሉኝ። ወጉም እንደዚያው ነውና እሺ አልኩ። አቶ ጌታሁን ሽማግሌዎቹን ይዞ ሊሄድ ቃል ገባ። ብዙ ሳልቆይ መሥሪያ ቤቴ ያቤሎ መደበኝ፤ ያቺም የወታደር ሚስት ባሏ ተዛውሮ ከተማውን ለቀቀች።

ከዓመታት በኋላ ተመልሼ ስመጣ ጋሽ ታፈሰ አርፈዋል። አኮ ዳኪ በበትር መንገድ እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ሐኪሞቹ ዳግመኛ መጥተው ነበር፤ ብሌኑ ጠባሳ ሆኗል፣ አልፏል ብለዋቸዋል። የሰው ፊት የማያይ ሰው እንግዲህ የቀረው ጆሮው ነው፤ ያ አዳራሽ ደግሞ ጆሯቸውንም ሊነጥቃቸው ነው። ለዚህ ስል ሌላውን ሁሉ ትቼ ነገሩን እንደ ግል ጠቤ ያዝኩት።

ደግነቱ አንዱ ሞንታርቦ ተቃጥሎ ነበር፣ ካዝናውም ባዶ። አቶ ጌታሁን ደክሞታል። «እስቲ የምትለውን ሞክር፤ ገንዘብ ግን አትጠይቀኝ» አለኝ። «የእንቁላል ካርቶን ቢለጠፍስ?» የሚል ሊቅ ከኮሚቴው ውስጥ ተነሳ። «ለአይጥ መኝታ ካልሆነ ምን ይረባል!» አልኩት።

ሐጂ አደን ጋ ሄድኩ። ሱቃቸው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው። ገና ሳልቀመጥ «አስራት፣ የናንተ ሰባኪ አንዷን ነገር ሁለት ሁለቴ ይጮህብኛል፤ አንዱንም ሰምቼው አላውቅ» አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቃቸው አልቆም አለ። «ወላሂ፣ እኔም እኮ ዕረፍት አገኛለሁ» ብለው ቡና ከቡሌ ሆራ የሚመጣበትን አሮጌ የቃጫ ጆንያ ክምር አሳዩኝ፤ ተሸክሜ እስክወጣ በር ያዙልኝ። የፕላስቲኩን ማዳበሪያ ጆንያ አልፈለግኩም፤ እሱ ድምፅ አይጠጣም። ከጦር ሰፈሩ ቤተሰቦች ያረጀ የወታደር ብርድ ልብስ ለመንኩ። እናቶች ሰፉ። የእንጨት ፍሬም መታሁ፣ ብርድ ልብሱን ደራርቤ ከተትኩ፣ ፊቱን በጆንያ ወጠርኩት። ከግድግዳው ላይም አላጣበቅኩትም፤ ጀርባው ነፋስ እንዲያገኝ ስንዝር ያህል አራቅኩት። እንዲያ ሲሆን ነው የበለጠ የሚጠጣው። የኋላውን ግድግዳ ሞላሁ፣ የጎኖቹን ከመስታወቱ በላይ ያለውን ሸፈንኩ።

የቀረውን ሞንታርቦ አወረድኩት። በሱ ፋንታ ከጋሽ ታፈሰ በረንዳ የቀሩትን ትንንሽ ስፒከሮች ጠግኜ በየወንበሩ መደዳ አጠገብ፣ ወደ ሰው ጆሮ ዘንበል አድርጌ ሰቀልኳቸው። ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቆረጥኩ። ድምፁን ቀነስኩት፣ አሁንም ቀነስኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሙከራ ሆነ። ኮሚቴውና ሽማግሌዎቹ ፊት ወንበር ላይ፣ የሰፉት እናቶች መሃል። አኮ ዳኪን መጨረሻው ወንበር፣ የድሮ ጥጋቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። አንድ ሁለት አላልኩም።

«አኮ፣ የምለውን ይድገሙልኝ» አልኩና በቀስታ፣ አፌን ወደ ማይኩ አስጠግቼ፣ «ሐሙስ እንዳትመጡ» አልኩ።

«ሐሙስ እንዳትመጡ። አትምጡ ነው» አሉ።

«ረቡዕ እንድትመጡ።»

«ረቡዕ እንድትመጡ። ኑ ነው።»

«ቅዳሜ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትመጡ።»

«ጤና ጣቢያ እንድትመጡ። ኑ!» አሉ፣ ፈገግም አሉ።

እናቶች እልል አሉ። አቶ ጌታሁን ሳይቀር አጨበጨበ፤ ጭብጨባው እዚያው እጁ ላይ ሞተ። ጋሽ ታፈሰ በኖሩ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ያኔ አኮ ዳኪ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና «አስራት፣ ልጄ» አሉ። «ያኔ ለዓይኑ ጊዜ የተባለው እንዳትመጡ ነበር፣ አይደል?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ወደ ፊት ወንበር ተመለከትኩ። አቶ ጌታሁን መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም። አልሄዱም። አልነገሯቸውም። ያ ሁሉ ዓመት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ኮሚቴው ያውቃል፣ ሽማግሌው ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ዓይናቸው የጠፋባቸው ሴትዮ ብቻ አያውቁም። እኔም ተነግሯቸዋል ብዬ አምኜ በየመንገዱ «ናጋ» እያልኳቸው አልፍ ነበር።

አፌን ስከፍት አቶ ጌታሁን ቀና አለ። እጁን አነሳብኝ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ቀንስ፣ ቀንስ አለኝ።

አልቀነስኩም። ማይኩን ያዝኩና ቃሉን አንድ በአንድ ለይቼ «እንድትመጡ ነበር፣ አኮ። ማክሰኞ ኑ ነበር የተባለው። የተጠሩት እርስዎም ነበሩ። ቤቱ አበላሸው፣ እነዚህ ደግሞ ደበቁዎት» አልኩ።

ከኋላ «አይሰማም» ያለ ሰው አልነበረም።

አኮ ዳኪ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሊወስዱ ጀመሩና ተዉት። «እኔ እኮ ጠልታችሁን ነው ብዬ ነበር» አሉ። «እኛን ባላገሮቹን አትምጡ ያላችሁን መስሎኝ ነበር። እሑድ እሑድ እዚህ የምመጣው ያንን ይቅር ብዬ ነው።»

ማይክ አልነበራቸውም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ቃላቸው ከመጨረሻው ወንበር ተነስቶ ፊት ወንበር ላይ እስከተቀመጠው እስከ አቶ ጌታሁን ድረስ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ደረሰ።